በወንድሜ አፍ የጠራሁት ስም

ይህን ነገር ሙሉውን ለሰው ነግሬ አላውቅም። ግማሹን በቅርቡ በሰፈር ሰው ፊት ተናግሬዋለሁ። ሌላውን ግማሽ ግን ለንስሐ አባቴም ቢሆን አልነገርኩም። እሳቸው በየጾሙ "ሌላስ ልጄ?" ሲሉኝ "ሌላ የለም አባ" እያልኩ መስቀላቸውን ተሳልሜ እወጣለሁ። ሌላ ነበር። ከተናዘዝኩት ሁሉ የከፋው ያ ያልተናዘዝኩት ነው።

ስሜን ለጊዜው ተዉት። ላሊበላ ውስጥ፣ ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ በሚወስደው የድንጋይ መንገድ ዳር ነጠላና የአንገት መስቀል የምትሸጥ ሴት ብላችሁ ያዙኝ። ክፉ ነኝ። ይህን የምለው ትሑት ለመምሰል አይደለም፤ ትሕትና አያምርብኝም። ሌላው ሰው ተቆጥቶ፣ ተሳድቦ ይወጣለታል። እኔ ቂሜን እንደ ጠላ ጥንስስ ከድኜ አስቀምጠዋለሁ። "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" ይባላል። እኔ ግን ስንት ዓመት ቂም ይዤ ስጸልይ አንድም ቀን ሳል ይዞኝ አያውቅም፤ ማንም አልሰማኝም።

ቂሜ የተጀመረው በአባቴ ነው። ከገነተ ማርያም ወዲህ ባለው ቁልቁለት ላይ ትንሽ እርሻ ነበረችው። አንድ ቀትር ላይ የወሰኑን ድንጋይ አንስቶ ወደ ጎረቤቱ መሬት ገፋው። ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። ምስክር ሆና የቆመችው ዘነበች ናት። ዘነበች ሸክላ ሠሪ ናት፤ ቤቷ ከቤታችን አጥር ለአጥር ነው። ያን ቀን አፈር ልትቆፍር ወደ ቁልቁለቱ ወርዳ አይታዋለች። ሽማግሌዎቹ አስማሏት። "ሲያነሳው አይቻለሁ" አለችና ዝም አለች።

ከዚያ በኋላ የአባቴ ስም "ወሰን ገፊ" ሆነ። ወሰን የገፋ ርጉም እንደሆነ በእኛ አገር ሕፃኑም ያውቃል። አባቴ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ማስቀደስ ተወ። ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ፣ ግንቡን ተሳልሞ ይመለስ ነበር። እንደዚያው እንዳለ ሞተ። በቀብሩ ላይ ዘነበች መጥታ ስታለቅስ አየኋት። "ቆይ ብቻ" አልኩ በልቤ። የማልኩት ያን ጊዜ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ዘነበች አልዋሸችም። ይህን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ድንጋዩ ከባድ ስለነበር በሌላው ጫፍ ይዤ ለአባቴ ያነሳሁለት እኔ ነበርኩ። ዘነበች ሁለታችንንም አይታለች። በሽማግሌ ፊት ግን የእኔን ስም አልጠራችም። ያኔ ገና ያላገባሁ ልጅ ነበርኩ፤ አዘነችልኝ። ይህ ውለታ አይደለም ወይ? ነው። እኔን ግን ከምስክርነቷ ይልቅ ያቃጠለኝ ይኸው ማዘኗ ነበር። የምጠላው ሰው ሲያዝንልኝ አልወድም። ደግሞ ታያላችሁ፣ በዕድሜ እናቴ የምትሆንን ሴት "እሳቸው" ማለት ሲገባኝ "እሷ" እያልኩ ነው የምጽፈው። ልተወው ብል እጄ እምቢ አለኝ።

በላይ ታናሽ ወንድሜ ነው። እናታችን ቀድማ ስለሞተች ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ "እታለም" እያለ ነው የሚጠራኝ። ቅኔ ቤት ገብቶ መምህሩ የሚመኩበት ተማሪ ሆኖ ነበር። አንድ ክረምት እንቅልፍ አጣ። ምግብ ተወ። ከማላየው ሰው ጋር ይሟገታል፤ ግድግዳው ይሰማናል እያለ በሹክሹክታ ያወራኛል። ሰው ሁሉ አዋቂ ሆነ። አንዱ ቅኔ በዝቶበት ነው አለ፤ ሌላው ለትምህርት ብሎ አእምሮ ይከፍታል የሚባለውን አብሾ ጠጥቶ ነው አለ፤ ሌላው ደግሞ ዓይን በልቶት ነው አለ። በሽታ ነው ያለ ግን አልነበረም፤ እኔም አላልኩም። በዚህ ሁሉ መሐል በላይ እኔን መስማት አልተወም። ና ስለው ይመጣል፣ ተቀመጥ ስለው ይቀመጣል።

ጠበል ወሰድኩት። ከከተማው ወጥቶ ወደ ቆላው ሲወረድ ያለ ጠበል ነው። ስሙን አልጠራውም፤ ቦታው ምንም አላጠፋ። እንዳይጠፋብኝ እግሩን በሰንሰለት ከግንድ ጋር አሰርነው። ይህን ብቻ ለክፋት አላደረግኩትም፤ እዚያ ያለ አስታማሚ ሁሉ የሚያደርገው እሱን ነው። የሰፈራችን ሰው በሶና ቆሎ እያዋጣ ይልክልን ነበር። ዘነበችም ትልክ ነበር። የእሷን ለውሻ ነበር የምሰጠው።

ጠበሉ ላይ ወግ አለ። አጥማቂው ውኃውን እያፈሰሰ፣ በመስቀል እየዳበሰ፣ በታማሚው ላይ ያደረውን መንፈስ "ማን ነህ? በማን መጣህ?" ብሎ ይጠይቃል። ታማሚው የሰው ስም ከጠራ ያ ሰው በላው ይባላል፤ ቡዳ ነው ይባላል። ከዚያ ወዲያ ይግባኝ የለም። የሰው ምስክር ይዋሻል፤ በመስቀል የተያዘ ጋኔን ይዋሻል የሚል ግን የለም። የተጠራው ሰው ሸክላ ሠሪ ወይም አንጥረኛ ከሆነማ ሰው ስሙ እስኪያልቅ እንኳ አይጠብቅም።

በላይ ሲጠየቅ ዝም ይል ነበር። ውኃው ሲወርድበት ይንቀጠቀጣል እንጂ ትንፍሽ አይልም። ሐሳቡ የመጣልኝ ይህን ዝምታውን ሳይ ነው። መጣልኝ ስል ከውጭ የመጣ አይምሰላችሁ። ሰይጣን አሳስቶኝ ነው አልልም፤ ሰይጣን በዚህ ነገር እጁ የለበትም። እኔ ነኝ ያሰብኩት።

በሶ እየበጠበጥኩ ሳጠጣው "የበላችህ ዘነበች ናት" እለዋለሁ። ጸጉሩን ሳጥብለት "ዘነበች ናት" እለዋለሁ። ማለዳ ወደ ጠበሉ ሳንወርድ "ሲጠይቁህ ማን ትላለህ?" እለዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን ግራ ገብቶት አየኝ። እሱ ያን ጊዜ ግድግዳ ይሰማናል የሚል ሰው ነው፤ ሆኖም "እትዬ ዘነበች ዳቦ ትሰጠኝ የለም እንዴ?" አለኝ። እኔ ጤነኛዋ ምን አልኩት? "በዳቦው ነው የያዘችህ" አልኩት። የቅኔ ተማሪ የተነገረውን መያዝ ያውቅበታል። ያዘው።

የበዓል ቀን ነበር፤ ጠበሉ ዙሪያ ሰው እንደ ገበያ ሞልቷል። አጥማቂው ጠየቀው። በላይ አንገቱን አዙሮ በዓይኑ ፈለገኝ። እኔ ራሴን ነቀነቅሁለት። "ዘነበች ናት፤ ሸክላ ሠሪዋ ዘነበች" ብሎ ጮኸ። ሴቱ እልል አለ። ስሙ ከእኛ ቀድሞ ሽቅብ ወጥቶ ላሊበላ ገባ።

ደስ አለኝ ወይ? አዎ፣ ደስ አለኝ። የአባቴ አጥንት ዐረፈ አልኩ። ያን ዕለት እንደበላሁት ጣፋጭ እንጀራ በሕይወቴ አልበላሁም። ይህን ሳልነግራችሁ ብተወው የተጸጸትኩ ሴት ሆኜ እታያችሁ ነበር፤ የተጸጸትኩት ግን ኋላ ነው፤ መጀመሪያ ጣመኝ።

ዘነበች ገበያ ላይ ድስቷንና ምንቸቷን ዘርግታ ትውላለች፤ የሚያነሳ የለም። ስታልፍ እናቶች ልጆቻቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። ቅሬው፣ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ማለቴ ነው፣ ከለቅሶ ቤት አላባረራትም፤ ይዛ የመጣችው እንጀራ ግን ከጥግ ተቀምጦ ማንም ሳይነካው ይውላል። የልጇን የስመኝን እጮኛ ቤተሰቦች ሽማግሌ ልከው ቃላቸውን አነሱ። ፈረንጅ ቡዳ አይፈራምና ለቱሪስት ትንንሽ የሸክላ ርግቦች እየሠራች ትንሽ ቆየች። ኋላ ጦርነቱ መጣና ቱሪስቱም ጠፋ። አንድ ቀን በሬ ላይ ቆማ "ምን አደረግኩሽ ልጄ?" አለችኝ። "እኔ ምን አውቄ እትዬ፤ የተናገረው በሽተኛው ነው" አልኳት። በአፌ አንቱ እያልኩ ነበር።

ሲስተር መሠረት የመጣችው ከዚህ በኋላ ነው። የአእምሮ ሕመም የተማረች ነርስ ናት። እንደ ሌሎቹ ጠበሉን ለመንቀፍ አልመጣችም። በመጀመሪያ እዚያ ከሚኖሩት መነኩሴ ዘንድ ተቀምጣ ስታማክር ዋለች። መነኩሴው "ጠበሉንም የሰጠ እሱ፣ ቅጠሉንም የሰጠ እሱ፤ ማን ይከለክላል?" አሏት። ከዚያ አስታማሚዎቹን ሰብስባ ይህ እንደ ልብ፣ እንደ ኩላሊት ያለ ሕመም ነው፤ ማንም አልበላቸውም፤ ጠበሉን እየተጠመቁ ክኒኑን ይዋጡ አለችን። በየወሩ እየወረደች ለእያንዳንዳችን ትሰጣለች። የበላይን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። መረቅኳትም፤ "እግዜር ይስጥሽ፣ እጅሽ ይባረክ" አልኳት።

አሁን ማንም የማያውቀው ግማሽ ይኸውላችሁ።

ክኒኑን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ እያሰብኩ ዋልኩ። ይህ ልጅ በክኒን ከዳነ ነገሩ በሽታ ነበር ማለት ነው። በሽታ ከነበረ ማንም አልበላውም ማለት ነው። ማንም ካልበላው ዘነበች ነጻ ናት። አባቴ ከቅጥር ውጭ ቆሞ ሞቶ እሷ ነጻ ትውጣ? እምቢ አልኩ። ቅዳሜ ለገበያና ለስንቅ ወደ ከተማ ስወጣ ክኒኑን ይዤው ሄድኩ። ከማድ ቤታችን ጀርባ የአመድ መጣያ አለ። እሽጉን ሳልከፍት አመዱ ውስጥ ቀበርኩት። በሚቀጥለውም ወር ተቀበልኩ፣ መረቅኩ፣ ቀበርኩ። ከአንዱ ጥምቀት እስከ ሌላው ጥምቀት እንደዚህ አደረግኩ። አንዴ ተናድጄ ያደረግኩት ቢሆን ኖሮ ንዴት ነው እል ነበር። ንዴት ዓመት አይቆይም። በየወሩ እጄን ዘርግቼ እየተቀበልኩ፣ በየወሩ አውቄ ጣልኩት።

ከበላይ አጠገብ ከወገል ጤና ከተማ በኩል የመጣች አንዲት ልጅ ታስራ ነበር። አባቷ ክኒኑን በሰዓቱ ይሰጣታል። ቀስ በቀስ መተኛት ጀመረች፤ ጸጉሯን ተሠራች፤ ሰንሰለቷ ወለቀ። አንድ ጠዋት አባቷን ይዛ አገሯ ገባች፤ እሱ እሷን ይዞ አላልኩም፤ መንገዱን የምትመራው እሷ ነበረች። በላይ በዓይኑ እስኪጠፉ ሸኛቸውና "እታለም፣ እኔስ መቼ ነው?" አለኝ። "ዘነበች ስትለቅህ" አልኩት። ቁርጭምጭሚቱ ያን ጊዜ በሰንሰለቱ ተልጦ መግል ይዟል። ዛሬም ያነክሳል። መንገድ ላይ ከኋላዬ ሲመጣ ሳላየው በእርምጃው አውቀዋለሁ፤ ያን ድምፅ የሠራሁት እኔ ነኝ።

ሲስተር መሠረት ግራ ገባት። ሌላው ሲሻለው ይህ ልጅ ለምን አይሻለውም እያለች ክኒኑን ጨመረችለት። እሱንም ቀበርኩት። ኋላ መነኩሴው ራሳቸው ከጠበሉ ጋር እንዲሰጡት ክኒኑን ለእሳቸው ሰጠች። ምን ብዬ እከልክል? እንግዲህ በላይ አንድም ክኒን ሳይለምድ፣ የተጨመረውን ሁሉ በአንድ ጊዜ መዋጥ ጀመረ። አንገቱ ወደ ጎን ተጠምዝዞ ቀረ፤ ምላሱ ተሳሰረ፤ ዓይኑ ወደ ላይ ወጣ። ሰው "ጋኔኑ ሊወጣ ነው" ብሎ ከበበው። ሲስተር ቁልቁለቱን እየሮጠች ወርዳ መርፌ ወጋችው፤ እየቆየ ተፈታለት። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። "መጠኑን ያበዛሁበት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አለች። አጠገቧ ቁጭ ብዬ "አይዞሽ" አልኳት። እኔ ነኝ አይዞሽ ያልኳት።

በተቀነሰው መጠን በላይ ዳነ። ብዙም ሳይቆይ ሰንሰለቱ ወለቀ፤ ቤት ገባ። ዳነ ስል በየቀኑ ክኒኑን እየዋጠ፣ እንቅልፉን እየጠበቀ ነው። ከእኔ የበለጠ ጤነኛ ነው።

ሲስተር በዚህ አላበቃችም። ቅሬያችን ዘንድ ቀርባ ለታመሙትም ይድረስ አለች። ብዙ ክርክር ሆነ። ቅሬ ለሞተ ነው ያሉ ነበሩ። አንድ ሽማግሌ "በቁሙ የሞተውስ?" ብለው ጠየቁ፤ ነገሩ በዚያው ተወሰነ። ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን እንዲህ ያለ ታማሚ ያለበት ቤት ጎረቤት በተራ ይሄድለታል፤ አስታማሚዋ ገበያ እስክትደርስ፣ እስክታስቀድስ ድረስ ከታማሚው ጋር ይቀመጣል። ሕክምና ሲኬድም አብሮ ይሄዳል። በወር አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቅሬው ድንኳን በሚቀመጥበት ግቢ ተሰብስበን እንማማራለን። በላይ እዚያ ቆሞ ይናገራል። እኔ ከፊት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ ወንድሟን ከሰንሰለት ያወጣች እህት ተብዬ። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" ሲሉ ሁሉም ወደ እኔ ያያሉ። መድኃኒቱን የደበቀችውስ?

የዘነበች ስም ግን አልወረደም። ሰው ይገርማል። ክኒን ያድናል ብሎ አመነ፤ ዘነበች ትበላለች ማለቱንም አልተወም። ሁለቱን በአንድ ጭንቅላት አስማምቶ ይኖራል።

ስመኝ ኋላ ኩልመስክ ከተማ ሄዳ አግብታ ነበር። በቅርቡ አራስ ሆና ወደ እናቷ ቤት መጣች። ከወለደች ጀምሮ እንቅልፍ የላትም፣ ልጁን ስታየው ትፈራለች፣ አንዳንዴም ሰዎች ሊወስዱብኝ ነው እያለች ትጮኻለች አሉ። ስሰማ መጀመሪያ ምን ተሰማኝ? ደስታ። በልጇ መጣባት አልኩ። ወንድሜን ዓመት ሙሉ በሰንሰለት ይዤ፣ እሱ ራሱ ድኖ "ይህ ሕመም ነው" እያለ ሲያስተምር እየሰማሁ፣ ልቤ አሁንም ያንኑ ጠላ ይጠምቃል።

ዘነበች በሯን ዘጋች። ሲስተር ብታንኳኳ፣ የቅሬ ሰዎች ቢሄዱ፣ የሚከፍት የለም። ሲስተር ወደ እኔ መጣች። ጎረቤት ነሽ፣ ያለፍሽበትም ነሽ፣ አንቺን ትሰማሻለች አለችኝ። እምቢ ለማለት ምክንያት አጣሁና ሄድኩ።

ዘነበች በሩን በትንሹ ከፍታ ቆመች። ሕክምና ይውሰዷት፣ ይህ ነገር ይድናል አልኳት።

"ልጄን ይዤ በዚህ መንገድ ብወጣ፣ ቡዳዋ ሰው ብታጣ የገዛ ልጇን በላች ነው የሚሉኝ" አለች። "ያን ጊዜ ድንጋዩን ስታነሱ ስምሽን ዋጥሁልሽ። አንቺ የኔን በሰው ፊት ሰቀልሽው። በሰው ፊት አውርጅውና በሬን እከፍታለሁ።"

በዚያች ቅጽበት ከጓዳ ሕፃኑ አለቀሰ፤ ስመኝም "እባካችሁ ውሰዱልኝ፤ እንዳልጎዳው ውሰዱልኝ" ስትል ሰማሁ። ድምፁ የሷ ነበር፤ ልመናው ግን በላይ እኔስ መቼ ነው ብሎ የለመነኝ ነበር። ያኔ የመለስኩለትን መልስ አስታወስኩ። ቤቴ ገብቼ የምንማማርበትን እሑድ መጠበቅ ጀመርኩ።

እሑድ ከወንበሬ ተነሳሁና ተናገርኩ። የዘነበችን ስም በበላይ አፍ ያስገባሁት እኔ ነኝ አልኩ። አባቴ ድንጋዩን መግፋቱ እውነት እንደሆነ፣ ከሌላው ጫፍ ያነሳሁትም እኔ እንደሆንኩ ተናገርኩ። ምን የጠበቅኩ ይመስላችኋል? እርግማን፣ ድንጋይ። ከኋላ አንዲት ሴት "አዬ ጉድ፤ ይችንም ይዛታለች ማለት ነው" አለች። ሌሎቹም ተቀበሏት። ሰሞኑን ቤቷ ሄዳ አልነበረም? አዎ ሄዳለች፤ ያዘቻት፤ አፏን ይዛ እያናገረቻት ነው። አንዱ መስቀል ያለው ቄስ ይጠራ አለ። ያን ጊዜ ነው የሠራሁት ሥራ ልኩ የታየኝ። ውሸቴን ራሴ ላፍርሰው ብል እንኳ ውሸቴ እኔኑ ቡዳ የበላት አድርጎ ያስቀረኛል።

በላይ ተነሳ። እያነከሰ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

"እውነቷን ነው" አለ። "ያን ስም እሷ ናት ያስጠናችኝ። ያኔ የታመመው አእምሮዬ ነው እንጂ ጆሮዬ አልነበረም። እትዬ ዘነበች ዳቦ ነው ያበላችኝ፤ ሌላ አላበላችኝም።"

ለካ ያውቅ ኖሯል። ይህን ሁሉ ጊዜ አብሮኝ ሲበላ፣ አብሮኝ ሲያስቀድስ ያውቅ ነበር፤ ከእኔ አፍ እስኪወጣ እየጠበቀ ነበር። የቅሬው ዳኛ ተነስቶ ከዛሬ ጀምሮ ዘነበችን ቡዳ የሚል ከቅሬ ይውጣ አለ። ሁሉም አምኖ አይደለም፤ ግማሹ ለዳኛው ብሎ ነው። ለጊዜው ግን በቃ። ተነስተን ዘነበች ደጅ ሄድን። በሩ ተከፈተ። ስመኝን ሲስተርና ሁለት ጎረቤቶች መሐል አድርገው ይዘዋት ወጡ፤ ሕፃኑን ሌላዋ አዘለችው። በመንገዱ ዳር ቆሞ የሚያይ ነበር፤ ልጁን የሸፈነ ግን አላየሁም። አሁን ስመኝ እየተሻላት ነው፤ ልጇን ራሷ ታጠባለች፤ ጎረቤትም በተራ ይገባል።

እዚህ ላይ ብጨርስ ያምር ነበር። ብዙ ሰው የሚያውቀውም እዚህ ድረስ ነው።

በላይ ግን በዚያ እሑድ ንግግሩን አልጨረሰም ነበር። እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ ለሰዉ እንዲህ አለ፤ "በእህቴ አትፍረዱ። ያ ስም በተጠራ ጊዜ መድኃኒት እንዳለ አናውቅም ነበር። ቢኖር ኖሮ ቀድማ የምታመጣልኝ እሷ ነበረች።"

ሰው አጨበጨበ። ስሙን በአፉ እንዳስገባሁ ያውቃል፤ ክኒኑን እንደከለከልኩት ግን አያውቅም። አፌ ተከፍቶ ነበር፤ ሁለት ቃል ብቻ ይበቃ ነበር። ስለ ዘነበች የተናገረ አፍ ስለ በላይ መናገር አቃተው። እስከ ዛሬ በየወሩ ያንኑ ይደግማል። ልጅ ለታመመባቸው እናቶች ቆሞ "ቢኖር ኖሮ እህቴ ቀድማ ታመጣልኝ ነበር" ይላቸዋል። እኔ ከፊት ተቀምጬ እሰማለሁ።

ከእኔ ሌላ የምታውቅ አንዲት ሰው አለች። ስመኝ ከታከመች በኋላ ዘነበች በአጥሩ በኩል ጠራችኝ። ይቅር በይኝ ብዬ ጉልበቷ ላይ ልወድቅ ስል በእጇ አገደችኝ።

"ግማሹን ነው የተናገርሽ" አለችኝ። "ሸክላ ለመተኮሻ ከአመድሽ ስዝቅ ክኒኑን ከነእሽጉ አገኘው ነበር።"

ለምን ያኔ አልተናገሩም አልኳት። ሳቀች። "ቡዳ የተባለች ሴት ክኒን ከአመድ አወጣሁ ብትል መድኃኒት ቀበረችበት ይሏታል እንጂ ማን ያምናታል? አንቺ እኮ አፌንም ነው የወሰድሽው። አሁን ግን አልናገርብሽም። ወይ ትነግሪዋለሽ፣ ወይ ይዘሽው ትኖሪያለሽ። ይቅርታም አልሰጥሽም።"

ተመልሳ ገባች። ብድሯን የከፈለችኝ እንዲህ ነው፤ እጇን ሳታነሳ፣ ስሜን ሳትጠራ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ ከዚያች ሴት ጋር አጥር እየተጋራሁ የወጋሁትን አልረሳም። አላማረርኩም። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን ከዚህ የከፋ አደርግ ነበር።

በላይ አሁን ክኒኑን በየማለዳው ከእጄ ነው የሚቀበለው። ውኃ አብሬ እሰጠዋለሁ፤ ይውጠውና "እጅሽ ይባረክ እታለም" ይለኛል። ይኸው ቃል ነው፤ እኔ ሲስተርን የመረቅኩበት ቃል። እስከ ዛሬ ያልነገርኩት ለምን ይመስላችኋል? ይጠላኛል ብዬ ፈርቼ ብቻ አይደለም። ይቅር ይለኛል ብዬም ነው። አውቀዋለሁ፤ ሳልጨርስ ይቅር ይለኛል። ሰው ምሬ የማላውቅ ሴት በነጻ መማርን ከየት አመጣዋለሁ? ያም ሆኖ ይህ ደግሞ ሌላ ማምለጫ ነው። ልጁ ዓመቱ የት እንደገባ ማወቅ ይገባዋል። ነገ ማለዳ ክኒኑን በእጄ ይዤ፣ ከመዋጡ በፊት እነግረዋለሁ።

እሱ ይማረኝ ይሆናል። እናንተ ግን አትቸኩሉ። ተናዳ ነው፣ አባቷ ነው፣ ዘመኑ ነው፣ አላወቀችም አትበሉልኝ። አውቅ ነበር። ወንድሜ ታሞ መድኃኒቱ በእጄ ነበር፤ ለቂሜ ስል ከለከልኩት። የሰው ስም በበሽተኛ አፍ የጠራሁ ሴት የራሴን ስም በራሴ አፍ ሳልጠራ ብሄድ ነውር ነው። ክኒኑን አመድ ውስጥ የቀበርኩት እኔ ነኝ። ስሜ ጥሩወርቅ ነው።